አሥር «አይደለም» ከደጀን እስከ ባሕር ዳር፦ አንድ የቴሌቪዥን ጨዋታ በፍኖተ ሰላም መድረክ

በ2010 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ከተማ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ክበቡ ለወላጆች በዓል የሚሆን ዝግጅት ይፈልግ ነበር። በየዓመቱ የሚቀርበው የጥያቄና መልስ ውድድር ጣዕሙን አጥቷል። የጣና ስፋት ስንት ነው፣ የካርቦን አቶሚክ ቁጥር ስንት ነው እየተባለ ሁለት ክፍሎች ሲፎካከሩ፣ ከገጠር የመጣ ወላጅ ቁጭ ብሎ ከማየት በቀር የሚሳተፍበት ነገር የለውም።

ሁለት ሐሳቦች ቀረቡ። አንደኛው አጭር የካርቱን ፊልም መሥራት ነበር። ይህን ስሌቱ ራሱ ጣለው። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ያሳልፋል። አንዱ ሥዕል ሁለት ሁለት ጊዜ እየተደገመ ቁጠባ ቢደረግ እንኳ ለአንድ ሰከንድ 12፣ ለአምስት ደቂቃ ደግሞ 3,600 ሥዕል ያስፈልጋል። ክበቡ ደግሞ እጃቸው ለሥዕል የሚታዘዝ ሁለት ተማሪዎች ብቻ ነበሩት። ሁለተኛው ሐሳብ ጠረጴዛ፣ አራት ወንበርና ካርቶን ብቻ የሚጠይቅ ነበር፤ እሱም የጥንቱን የአሜሪካ ጨዋታ «ዋትስ ማይ ላይን»ን ወደ መድረክ ማምጣት ነው።

«ዋትስ ማይ ላይን» ማለት «ሥራዬ ምንድን ነው?» እንደ ማለት ነው። በሲቢኤስ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 1950 እስከ ሴፕቴምበር 1967 ድረስ፣ አብዛኛውን ዘመኑን እሑድ ማታ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። አዘጋጆቹ ማርክ ጉድሰንና ቢል ቶድማን፣ መድረክ መሪው ጆን ቻርልስ ዴሊ ነበሩ። እንግዳው ገብቶ በሰሌዳው ላይ ስሙን ይጽፋል። ሥራው ለተመልካች በጽሑፍ ይታያል፣ አራቱ ጠያቂዎች ግን አያዩትም። ጠያቂዎቹ መጠየቅ የሚችሉት በ«አዎ» ወይም በ«አይደለም» የሚመለስ ጥያቄ ብቻ ነው። መልሱ «አዎ» እስከሆነ ድረስ ያው ጠያቂ ይቀጥላል፤ «አይደለም» ከሆነ ተራው ወደ ቀጣዩ ያልፋል፣ አንድ ካርድ ይገለበጣል፣ እንግዳውም 5 ዶላር ያገኛል። አሥረኛው ካርድ ሲገለበጥ 50 ዶላሩን ይዞ ያሸንፋል። በየዝግጅቱ አንድ ታዋቂ ሰው ይገባል፤ ያን ጊዜ ጠያቂዎቹ ዓይናቸውን ይሸፈናሉ፣ እንግዳውም ድምፁን ለውጦ ይመልሳል።

ጨዋታው ለጎጃም ሰው እንግዳ አልነበረም። እንቆቅልሽ ያለው፣ ምን አውቅልህ የተባለው፣ መልሱ ሲጠፋ አገር ስጠኝ ብሎ የሚቀበለው ሰው በየቤቱ አለ። በሁለቱም ጨዋታዎች የማያውቅ ይከፍላል፣ ምሥጢሩን የያዘ ይሰበስባል። የሚለየው እንቆቅልሹ አንድ ጊዜ ተጠይቆ ማለቁ ነው፤ የቴሌቪዥኑ ጨዋታ ክፍያውን በአሥር ቆራርሶ ተመልካቹን በየደረጃው ያስጨንቃል። ክበቡ ይህን ዝምድና አየና በዶላሩ ፋንታ አገሩን አስገባ።

አሥር የካርቶን ካርዶች፣ እያንዳንዳቸው 30 በ40 ሴንቲ ሜትር፣ በስድስት ሜትር ገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ተሰቀሉ። በጀርባቸው ከአባይ በረሃ ማዶ ተነሥቶ እስከ ጣና ያለው አውራ ጎዳና በቅደም ተከተል ተጻፈ፦ ደጀን፣ ሉማሜ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ፣ መራዊ፣ ባሕር ዳር። አንድ «አይደለም» ሲባል አንድ ከተማ ይገለበጣል። ባሕር ዳር የደረሰ እንግዳ አሸነፈ። በየከተማው አንድ ደብተር ለእንግዳው ልጅ ይሰጠዋል፤ ሦስት እንግዳ ቢቀርብ ወጪው ከ30 ደብተር ስለማይበልጥ በጀቱ አስቀድሞ ይታወቃል።

ይህ ለውጥ ከማስዋብ ያለፈ ጥቅም ነበረው። ከኋላ ወንበር ያለ ሰው «ስድስት» የሚል ቁጥር ላያይ ይችላል፣ «ቡሬ ገባ» ሲባል ግን አራት ከተማ እንደቀረ ያውቃል። አምስተኛው ካርድ ተገልብጦ የራሳቸው ከተማ ስም በወጣ ቁጥር አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋ ነበር፤ ይህን አስቀድሞ ያሰበው ሰው አልነበረም፣ ካርዱ ግን ሳይታሰብ የጨዋታው እኩሌታ ምልክት ሆነ።

የመጀመሪያው ሙከራ የተደረገው በጥር፣ በተማሪዎች ፊት ብቻ ነው። አልሠራም። ያልሠራባቸው ምክንያቶች ግን አንድ በአንድ መታየት አለባቸው፣ አብዛኞቹ ከቋንቋውና ከቦታው የመጡ ናቸውና።

የመጀመሪያው እንቅፋት ሁሉም ሰው ሁሉንም ማወቁ ነው። በኒው ዮርክ ስቱዲዮ ጠያቂዎቹ እንግዳውን መንገድ ላይ የማየት ዕድላቸው ከቁጥር አይገባም። በፍኖተ ሰላም ግን የመጀመሪያው እንግዳ፣ አንድ የሰዓት ጠጋኝ፣ ደረጃውን ሳይጨርስ ከአራቱ ጠያቂዎች ሦስቱ አወቁት። የቴሌቪዥኑ ዝግጅት ለታዋቂ ሰዎች ብቻ ያስቀመጠው የዓይን መሸፈኛ እዚህ ለሁሉም እንግዳ ግዴታ ሆነ።

መሸፈኛውም ራሱን የቻለ ጣጣ ነበረው። መጀመሪያ የታሰረው ነጠላ ነው። ነጠላ ሁለት እጥፍ ሆኖ እንኳ ብርሃን ያሳልፋል፤ የሰው ቅርጽ በደንብ ይለያል። በጥቁር ጨርቅ ተተካ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ሁለት ድርብ፣ በመካከሉ ስስ ጥጥ ያለበት። አሁንም አንዱ ጠያቂ «ከገጠር የመጡ ነዎት?» ብሎ ጀመረ። በአፍንጫው ጎን ባለችው ክፍተት ቁልቁል ሲመለከት የእንግዳውን ኮንጎ ጫማ አይቶ ነው። ለአፍንጫው የሚሆን ጥቅል ጥጥ ከጨርቁ በታች ተሰፋ፣ የእንግዳው ጠረጴዛም እስከ መሬት በሚደርስ ጨርቅ ተሸፈነ። ሽታም ይናገራል፤ ከመካኒክ ቤንዚን፣ ከወፍጮ ቤት ሠራተኛ ዱቄት፣ ከቅመም ነጋዴ ኮረሪማ ይሸታል። ስለዚህ የእንግዳው ወንበር ከጠያቂዎቹ ሦስት ሜትር ራቀ፣ መስኮቶቹም ተከፈቱ።

ሁለተኛው እንቅፋት ከሁሉ የከበደው ነው፤ አማርኛ ምሥጢር አይደብቅም። በእንግሊዝኛ «ትሸጣለህ» እና «ትሸጫለሽ» አንድ ቃል ናቸው። በአማርኛ ግን መድረክ መሪው «እንኳን ደህና መጣሽ» ባለበት ቅጽበት ከሥራዎቹ ግማሽ ያህሉ ከግምት ወጡ። «እሳቸው» ሲል ደግሞ ዕድሜና ክብር ገለጠ። መፍትሔው አንድ ብቻ ነበር፦ በመድረኩ ላይ ሁሉም ሰው፣ የ15 ዓመት ሊስትሮም ይሁን የ60 ዓመት ሽማግሌ፣ «እርስዎ» ይባላል። ይሸጣሉ፣ ይሠራሉ፣ ይጠግናሉ። ይህ በቃል ተነግሮ አልጸናም፤ ጠያቂዎቹ በሞቀ ጊዜ ወደ «አንተ» ይመለሱ ነበር። ስለዚህ ቅጣት ተጨመረ፦ ጾታ የገለጠ ጥያቄ እንደ «አይደለም» ይቆጠራል፣ አንድ ከተማ ያስገለብጣል። ከሁለት ቅጣት በኋላ አንደበት ታረመ። መድረክ መሪው ራሱ ደግሞ «እንግዳችን ገብተዋል» ብቻ እንዲል ጽሑፍ በእጁ ተሰጠው። «ባለሙያ» የሚለው ቃልም ተከለከለ፤ በእኛ ቤት ባለሙያ ሲባል ጆሮ ቀድሞ የሚሰማው ወጥ የምታሳምር ሴትን ነውና።

ሦስተኛው እንቅፋት የአሉታ ጥያቄ ነው። ጠያቂዋ «ገበያ ላይ አይሸጡም?» አለች። እንግዳው «አዎ» አለ። «አዎ፣ አልሸጥም» ማለቱ ነው። መድረክ መሪው ግን «አዎ» ስለተባለ ጠያቂዋን አስቀጠላት። ጠያቂዋም ይሸጣል ብላ አምስት ጥያቄ በስሕተት መንገድ ሄደች። ከዚያ በኋላ በ«አይ» ወይም በ«አል» የሚጀምር ጥያቄ ተመላሽ ሆነ፤ ጠያቂው ገልብጦ ካልጠየቀ ተራው ያልፋል።

አራተኛው እንቅፋት ድምፅ ነው። በአካባቢያችን ብዙ ሰው እሺታውን የሚገልጸው ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ ነው። ፊት ለፊት ለቆመ ሰው ይህ ግልጽ «አዎ» ነው። ማይክ ግን አይቀበለውም፤ ዓይኑን የተሸፈነ ጠያቂም አይሰማውም። ጮክ ብሎ የሚመልስ እንግዳ ደግሞ በድምፁ ይታወቃል። ሁለቱንም ችግር የእጅ ደወል ፈታ። አንድ ጊዜ ሲደወል «አዎ»፣ ሁለት ጊዜ ሲደወል «አይደለም»። የትምህርት ቤቱ ደወል፣ ያ የተንጠለጠለው የመኪና ቸርኬ፣ ለአዳራሽ እጅግ ስለሚጮኽ በትንሽ የእጅ ደወል ተተካ። መድረክ መሪው መልሱን በቃል ይደግማል። በመካከል መብራት ቢጠፋ እንኳ ደወሉና የገመዱ ካርድ ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ በጥር ወር ሙከራ ላይ በእርግጥም ጠፍቶ ነበር፣ የቆመው ማይኩ ብቻ ነው።

የመጠን ጥያቄም አጨቃጭቋል። በአሜሪካው ጨዋታ ጠያቂው ስቲቭ አለን «ከዳቦ ማስቀመጫ ይበልጣል?» የሚለውን ጥያቄ ዝነኛ አድርጎት ነበር። የፍኖተ ሰላም ጠያቂዎች ዳቦ ማስቀመጫውን በመሶብ ለወጡት። ግን የየትኛው ቤት መሶብ? አንዱ የሚያስበው ትንሿን፣ ሌላው የሠርጉን ነው። ጭቅጭቁን ለመቁረጥ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን መድረኩ ላይ ተቀመጠ። መጠኑ በየትም ቤት አንድ ነው፣ ዓይኑ የተሸፈነም ሰው በሐሳቡ ያየዋል።

የጊዜ ጉዳይ ቀላል ነበር። በመጀመሪያው ሙከራ አንድ እንግዳ ብቻውን 24 ደቂቃ ፈጀ፣ ጠያቂዎቹ እርስ በርስ ሲማከሩ ነው። ለአንድ ጥያቄ 20 ሰከንድ፣ ለምክክር ደግሞ በአንድ እንግዳ አንድ ጊዜ 30 ሰከንድ ተፈቀደ። 10 ደቂቃ ካለፈ መድረክ መሪው የቀሩትን ካርዶች በሙሉ ይገለብጣል፣ እንግዳውም ባሕር ዳር እንደገባ ይቆጠራል። ጆን ዴሊም ሰዓት ሲያጥረው እንዲሁ ያደርግ ነበር።

በሁለተኛው ዝግጅት፣ በመጋቢት፣ ሁለት ነገሮች ተበላሹ፤ ሁለቱም ከሕግ ይልቅ ከሰው ጋር የተያያዙ ናቸው።

አንዱ የመልስ መሾለክ ነው። አንድ ጠያቂ በሁለተኛው ጥያቄው «ንብ ያነባሉ?» አለ፤ ትክክል ነበር። አዳራሹ አላጨበጨበም፣ አጉረመረመ። የእንግዶቹ ዝርዝር ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበርና። ተመልካች ይህን ዓይነት ነገር ይቅር አይልም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ «ትዌንቲ ዋን» በተባለው የጥያቄና መልስ ዝግጅት ለተወዳዳሪው ቻርልስ ቫን ዶረን መልስ አስቀድሞ ይነገረው እንደነበር ሲታወቅ ጉዳዩ ምክር ቤት ደርሷል፤ በ1960 ደግሞ ውድድርን ማጭበርበር በሕግ ተከለከለ። ክበቡ ያመጣው መከላከያ ርካሽ ነው፦ ስድስት እንግዶች ይዘጋጃሉ፣ ስማቸው በታሸገ ፖስታ ይገባል፣ ከመድረኩ ላይ አንድ ሕፃን ሦስቱን ያወጣል። ማን እንደሚገባ አዘጋጁም አያውቅም። እንግዶቹም ከሩቅ ቀበሌ ለቅዳሜ ገበያ ከሚመጡት ተመረጡ።

ሌላው ጥፋት የበለጠ ይከነክናል። ከእንግዶቹ አንዷ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ሥራቸው በትልቅ ካርቶን ተጽፎ ከጠያቂዎቹ ጀርባ ከፍ ሲል ከኋላ ወንበሮች ሳቅ ተነሣ። በኒው ዮርክ ተመልካቹ በእንግዳው ሥራ ሲስቅ ሥራው እንግዳ ስለሆነበት ነው። እዚህ ግን ሸክላ ሠሪ፣ ብረት ሠሪ፣ ሸማኔና ቆዳ ሠሪ ለብዙ ዘመን በክፉ ስም ሲጠሩ ኖረዋል፤ እንጀራውን በእሳቸው ምጣድ የሚበላ ሰው ስማቸውን ዝቅ ያደርጋል። ያ ሳቅ ከዚያ የመጣ ነበር። ሴትዮዋ ጨዋታውን በትዕግሥት ጨረሱ፣ ተቀምጠው ሥራቸውን እንዲያሳዩ ሲለመኑ ግን አመስግነው ወጡ። ይህ የዝግጅቱ ከባድ ስሕተት ነው፣ ስሕተቱም የአዘጋጆቹ ነው። ሌላ አገር ለመሳቂያ የተሠራን ክፍል ሳይመረምሩ እንዳለ ወስደዋል።

የተደረገው እርማት ሦስት ክፍል አለው። የሥራው ስም በካርቶን መጻፉ ቀረ፤ በእሱ ፋንታ የተሠራው ዕቃ ወይም መሣሪያው ከጠያቂዎቹ ጀርባ ከፍ ብሎ ለ10 ሰከንድ ይታያል። ሰው በስም ላይ ይስቃል፣ የሚያምር ጀበና ሲያይ ግን ዝም ብሎ ይመለከታል። ይህ ሌላም ችግር ፈታ፤ የፊት ወንበር ላይ ያሉ ሕፃናት ካርቶኑን በሹክሹክታ እያነበቡ ለጠያቂዎቹ ያሰሙ ነበር። ሁለተኛ፣ ጨዋታው ካለቀ በኋላ እንግዳው ለአምስት ደቂቃ ሥራውን በተግባር ያሳያል፣ ጠያቂዎቹ ደግሞ መሸፈኛውን አውልቀው ረዳት ይሆናሉ። በእንግሊዙ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ በቀረበው የዚሁ ጨዋታ ዝግጅት እንግዳው የሥራውን እንቅስቃሴ በምልክት ያሳይ ነበር፤ እዚህ በምልክት ፋንታ እውነተኛው ሥራ መጣ። ሦስተኛ፣ አዘጋጆቹ ወደ ሴትዮዋ ቤት ሄደው ይቅርታ ጠየቁ፣ በዓሉ ላይም በክብር እንግድነት ጋበዟቸው።

የወላጆች በዓል በግንቦት ዋለ። ከሦስቱ ዙሮች አንዱ ሙሉውን መቅረብ ይገባዋል፣ የጨዋታው አካሄድ በደንብ ይታይበታልና። ከጠያቂዎቹ ጀርባ ከፍ ያለው መሣሪያ ጫፉ የሾለ መዶሻ ነበር። እንግዳው የወፍጮ ድንጋይ ወቃሪ ናቸው፤ የወፍጮ ድንጋይ ሲለሰልስ እህሉን መፍጨት ትቶ ያሞቀዋል፣ ስለዚህ ፊቱ እንደገና ይወቀራል።

አንደኛው ጠያቂ «ደመወዝተኛ ነዎት?» አለ። ሁለት ደወል፤ ደጀን። ሁለተኛዋ «በመሣሪያ ይሠራሉ?» አንድ ደወል። «መሣሪያው ብረት አለበት?» አንድ ደወል። «የሠሩትን ነገር ገዢ ተሸክሞት ይሄዳል?» ሁለት፤ ሉማሜ። ሦስተኛው «የሚሠሩበት ነገር ከጀሪካኑ ይበልጣል?» አንድ። «ሥራው ሲያልቅ ነገሩ ከበፊቱ ይከብዳል?» ሁለት፤ ደብረ ማርቆስ። አራተኛዋ «ቤት ይሠራሉ?» ሁለት፤ ደምበጫ። እንደገና አንደኛው «እንጨት ነው?» ሁለት፤ ፍኖተ ሰላም፣ አዳራሹ ተናጋ። ሁለተኛዋ «ድንጋይ ነው?» አንድ። «ለመቃብር ነው?» ሁለት፤ ቡሬ። ሦስተኛው «ከሥራዎ የተነሣ ሰው ይበላል?» ሳቅ፣ አንድ ደወል። «ወፍጮ ቤት አለዎት?» ሁለት፤ እንጅባራ። አራተኛዋ «የወፍጮ ሞተር ይጠግናሉ?» ሁለት፤ ዳንግላ። አንደኛው ትንሽ ቆየና «ድንጋዩን ይወቅራሉ» አለ። ሰባት ደቂቃ ሞላ።

ጠያቂዎቹ የት ተጎዱ? የመጀመሪያዋ ካርድ ያለ ምክንያት ጠፋች። ዴሊ እንግዳው ደመወዝተኛ ይሁን የራሱን ሥራ የሚሠራ አስቀድሞ ይናገር ነበር፤ ክበቡ ይህን ስለተወው አንድ ከተማ በከንቱ ሄደች። ትልቁ ስሕተት ግን አራተኛዋ ጠያቂ «ቤት ይሠራሉ?» ያለችው ነው። በዚህ ጨዋታ «አዎ» ምንም አያስከፍልም፣ የሚያስከፍለው «አይደለም» ብቻ ነው። ስለዚህ ብልህ ጠያቂ መልሱን በአንድ ጊዜ ለመውጋት አይሮጥም፤ «አዎ» የመሆን ዕድሉ የሰፋ ጥያቄ እየጠየቀ ተራውን ይዞ ያጠብባል። እንደዚያው ሁሉ «እንጨት ነው?» ከማለት «ከመሬት የሚወጣ ነገር ነው?» ማለት ይሻላል፣ ድንጋይም ብረትም ሸክላም በአንድ «አዎ» ይገባሉና። ሦስተኛው ጠያቂ «ሰው ይበላል?» ያለው የዙሩ ምርጥ ጥያቄ ነው፤ ሰፊ ነው፣ «አዎ» ያመጣል፣ ከ«ድንጋይ» ጋር ሲጋጠም ደግሞ ወፍጮን ብቻ ያስቀራል። የሳቁም ድምፅ ረድቶታል፤ ተመልካች ሲስቅ ጠያቂው ከመልሱ አጠገብ እንደደረሰ ያውቃል፣ ይህን ደግሞ ማንም ሕግ ሊከለክለው አይችልም።

እንግዳው ስምንት ደብተር ተቀበሉ። ከዚያ ከመጋዘን የወጣ አሮጌ የወፍጮ ድንጋይ ጆንያ ላይ ተንጋለለና መውቀር ጀመሩ። ፍንጣሪው ዓይን እንዳይጎዳ የፊቱ ረድፍ አራት ሜትር ወደ ኋላ ተመለሰ። መሥመሮቹ ከመካከል ወደ ዳር እየወጡ ለምን እንደሚሳሉ ሲያስረዱ፣ በክብር ወንበር የተቀመጡት ሸክላ ሠሪዋ ተነሥተው ቀረብ አሉና የሸክላ አፈራቸውን የሚደቁሱበትን ድንጋይ ማን እንደሚወቅርላቸው ጠየቁ።